ክብደቱን ተወውና ድምፁን ንገረኝ

አብሮ አደጌ ባለፈው ገና ከሜሪላንድ መጥቶ ነበር። ሻንጣው ሲከፈት ከሸሚዝና ከጫማ ይልቅ በስፖንጅ የተጠቀለለ ዕቃ በዛበት፤ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ አምፕሊፋየርና እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ወፍራም ሽቦ። ከሁለቱ ማዳመጫዎች የአንደኛው ዋጋ እኔ ከብዕሬ በዓመት የማገኘውን ውጦ ገና «ጨምር» የሚል ነው። ከእንጨት ሣጥኑ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አውጥቶ አናቴ ላይ ደፋልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«በል እንግዲህ፣ እንዴት ነው?»

«ከበደኝ» አልኩት።

«ክብደቱን ተወውና ድምፁን ንገረኝ።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም። ወዳጄ የተናገራት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያነበበውን ነው የደገመው። የውድ ማዳመጫ ሐያስያን ዓመቱን ሙሉ የሚሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ድምፅ ለብቻው፣ ምቾት ለብቻው፤ ድምፁ ለጠቢባን፣ ምቾቱ ለቅምጥሎች። እኔ ደግሞ ይህ አከፋፈል ከሥሩ ሐሰት ነው ባይ ነኝ። ሙግቴም ከወዳጄ ጋር ሳይሆን ይህንን ካስተማሩት ጋር ነው።

ለነገሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ እንዳይቸገር ጥቂት ልበል። በየታክሲው የምናየው ማዳመጫ ጀርባው ድፍን ነው። ጀርባው ክፍት የሚባለው ግን ከጆሮ በስተውጭ ያለው ገጹ እንደ ወንፊት የተበሳ ነው። ድምፁን የምታወጣው ስስ ሽፋን አየሩን ወደ ጆሮ እንደምትገፋው ሁሉ ወደ ኋላም ትገፋዋለች። ጀርባው ድፍን ከሆነ የኋለኛው ድምፅ ግድግዳ መትቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል፤ ክፍት ከሆነ ወጥቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ዘፈኑ ከራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን ከደጅ የሚመጣ ይመስላል፤ ጆሮም አይሞቅም። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዘፈኑን ይሰማል፣ አድማጩም የጎረቤቱን ወሬ ይሰማል።

ይህ አሠራር እንዴት እንደ ተጀመረ ማስታወስ ደግ ነው። ሴንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤችዲ 414 ያለውን የመጀመሪያውን ክፍት ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት የሙዚቃ ማዳመጫዎች ጆሮን ጥርቅም አድርገው የሚዘጉ፣ ሰውን የአውሮፕላን አብራሪ የሚያስመስሉ ነበሩ። 414 ግን የፕላስቲክ ቅስትና ቢጫ ስፖንጅ ነበር። ሰው በሚሊዮን እየተቆጠረ ገዛው። ቀላል ነዋ! ክፍት ማዳመጫ ሲወለድ ቀላልነትና ጥሩ ድምፅ መንታ ሆነው ነው የተወለዱት። መንትዮቹን የለያያቸው በኋላ የመጣ ሰው ነው።

ከዚያው ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ወዳጄ በሁለተኛነት የያዘው ኤችዲ 600 ክብደቱ 260 ግራም ነው። ዛሬም ይሸጣል። «ከፍተኛ ደረጃ» ተብለው በሺህ ዶላሮች ከሚሸጡት መካከል ግን 600 ግራም የሚያልፉ ሞልተዋል፤ ሰፊዋን ሽፋን ከዳር እስከ ዳር ለማንቀሳቀስ በማግኔት ረድፍ የተሞሉ ናቸው። ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ያዘዘ ሰው፣ ያንን ሥጋ ከነመጠቅለያው አናቱ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘፈን ቢያዳምጥ ቤተ ሰቡ ምን ይለዋል? እንግዲህ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው።

የሐያሲው ጽሑፍ ደግሞ ዘወትር አንድ መልክ ነው። መጀመሪያ ዋጋው ይነገራል። ቀጥሎ የሣጥኑ እንጨት፣ የቆዳው ሽታ፣ የሽቦው ብር። ከዚያ የቅጽል ዶፍ ይወርዳል፤ «ግልጥልጥ ያለ»፣ «ሐር የመሰለ»፣ «ከዘፋኙ ትንፋሽ ጋር ያስተነፍሳል»። በስተመጨረሻ፣ አንባቢው ኪሱን መዳበስ ከጀመረ በኋላ፣ «ለረጅም ሰዓት ትንሽ ሊከብድ ይችላል» የምትል መስመር ትወረወራለች። ትንሽ! ስንት ሰዓት ሰማህበት ጌታዬ? አንገትህ ምን አለህ? መነጽር ታደርጋለህ? ጠጉርህስ እንዴት ያለ ነው?

ስለ ጠጉር ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። በዚያው ምሽት ታናሽ እኅቴ ተራዋን ወሰደች። ጠጉሯን ተሠርታ በላዩ ሻሽ አስራለች፤ መነጽርም ታደርጋለች። ጥቂት አዳመጠችና «ቤዙ የት ሄደ?» አለች። ወዳጄ ሳቀ። «ጆሮሽ ገና አልለመደም እኮ፤ የጠራ ቤዝ እንዲህ ነው» አላት። እሷም «ይሆናል» ብላ፣ የጉንጉኑ ሥር የቆረቆራትን ቦታ እያሻሸች ማዳመጫውን መለሰችለት። እኔም ዝም አልኩ። ሰውዬው ያነበበ ነው፣ እኛ ያላነበብን ነን።

በማግሥቱ ግን የእሷን መነጽር አድርጌ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ማዳመጫ፣ ከፍታውን ሳልነካ ደገምኩት። ቤዙ የለም! መነጽሩን አወለቅሁት፤ ቤዙ መጣ። ደግሜ አደረግሁት፤ ሄደ። የመነጽሩ ክንድ የጆሮ ትራሱንና ቆዳዬን ትንሽ ያለያያቸዋል፤ በዚያች ቀዳዳ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይወጣል። በእሷ ላይ ደግሞ የሻሹ እጥፋት ተጨምሮበታል። ልጅቷ የሌለ ነገር አላወራችም። ከሁላችን በትክክል የሰማችው እሷ ነበረች፣ «አልለመደም» የተባለውም የእሷ ጆሮ ነው። ወዳጄን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን ሁለት ሦስቴ አድርጎ አወለቀና ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

የክርክሬ እምብርት ይኸው ነው። ምቾት ከድምፅ ውጭ ያለ ነገር አይደለም። ትራሱ ከረፈፈ ወይም ከተጨፈለቀ፣ በጆሮና በድምፅ አመንጪው መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል፤ ርቀቱ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል። ቅስቱ ከላላ ቤዝ ይሸሻል፤ ከጠበቀ መንጋጋ ያማል። «መቶ ሰዓት ሳይጫወት አትፍረድበት» የሚሉት ምክርም አለ፤ ሽፋኗ እስክትለማመድ ነው ይላሉ። በዚያ መቶ ሰዓት ውስጥ ከሽፋኗ ይልቅ የሚለሰልሰው ትራሱ ነው፣ የሚላላው ቅስቱ ነው፣ የሚለምደውም ገንዘቡን ከፍሎ የጨረሰው ባለቤቱ ነው።

«ታዲያ ሳይንሱስ ምን ይላል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሾን ኦሊቭ የተባለው የድምፅ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ድምፅ ማጉያዎችን ለአድማጮች ሁለት ጊዜ አሰምቶ ነበር፤ አንዴ እያዩ፣ አንዴ ሳያዩ። ሲያዩ የሰጡት ፍርድ ሳያዩ ከሰጡት ተለየ። ዐይን ጆሮን ቀደመው ማለት ነው። ስለዚህ የማዳመጫ ተመራማሪዎች አድማጩ እንዳያይ ማድረግ ነበረባቸው፤ ችግሩ ግን ማዳመጫ ባይታይም ራስ ላይ ይታወቃል፤ ክብደቱ፣ ጥብቀቱ፣ ቆዳው ማንነቱን ያሳብቃል። ኦሊቭና ባልደረቦቹ በኋላ የደረሱበት መፍትሔ ብልህ ነው፤ የየማዳመጫውን ድምፅ ለክተው ሁሉንም በአንድ ማዳመጫ አስመስሎ ማሰማት። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ተመራማሪው ድምፁን በንጽሕና ለመዳኘት ምቾትን ሆን ብሎ አወጣው፣ ማውጣቱንም ተናገረ። የቀረውን ግማሽ የመንገር ሥራ የማን ነበር? ዕቃውን ቤቱ ወስዶ አናቱ ላይ የደፋው ሐያሲ ሥራ ነበር። እሱም «ተወው» አለን።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ጥናት አለ። 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ በድምፃቸው ሚዛንና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ማለት ውድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ርካሽ ሁሉም ጥሩ አይደለም። ዋጋው ስለ ድምፁ አይመሰክርም ማለት ነው። ምስክር መሆን ያልቻለውን ነገር ነው ሐያስያኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያቆሙት።

ፍትሕ እንዳላጓድል አንድ ውድ ዕቃ ላመስግን። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲ 800 ክብደቱ 330 ግራም ገደማ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ጆሮን ሳይነካ ዙሪያውን ያቅፋል። ምቾቱን ብዙ ሰው መስክሮለታል። ድምፁ ላይ ግን በ6 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ጉብታ ነበረበት። አድናቂዎቹ «ዝርዝር ያወጣል» አሉ፣ ያልወደዱት «ጆሮ ይወጋል» አሉ፤ እነዚህኞቹም ጆሯቸው እንዳልበሰለ ተነገራቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ኤችዲ 800 ኤስን ሲያወጣ ያንን ጉብታ የሚውጥ ነገር ጨመረበት። ይወጋል ያሉት ሰዎች ይቅርታ የጠየቃቸው መኖሩን እንጃ።

ደግሞ በምን ይዳኙታል? ወዳጄ የሚያሰማኝ ለማሳያ ብለው የተቀረጹ፣ ከሰባት የማይበልጡ ቅጂዎችን ነው። ያቺው ሴት በዚያው ፒያኖ ትዘፍናለች። ሴትዮዋን በአካል ሰምቻት አላውቅም፤ ትክክለኛ ድምፅዋ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እኔ በገና አሰማኝ አልኩት። በገናን ክፍል ውስጥ፣ ያለ ማይክሮፎን፣ ከሁለት ክንድ ርቀት ሰምቼዋለሁ። ዐሥር አውታሮች አሉት፤ በየአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያ አንጀት የሚያላውስ ንዝረት የእሷ ነው። ሥሩ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀጭን ነው። ቀጭኑን የሚያጋንን ማዳመጫ እንዚራዋን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝምብ ያደርጋታል፤ ቀጭኑን የሚሰርቅ ደግሞ በገናውን በብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ይህንን ለመለየት ዲፕሎማ አያስፈልግም። በጾም ወራት በገና ሲደረደር አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ ነው።

ቀጥዬ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ከታተሙት አንዱን ጠየቅሁት። ከዘፈኑ ቀድሞ ሽሽሽታው መጣ። ወዳጄ ፊቱን አጨማደደ፤ «ቅጂው መጥፎ ነው፣ በዚህ ማዳመጫ አይሰማም» ብሎ ወደ ሴትዮዋ መለሰኝ። ወይ ጉድ! ያሳደገንን ዘፈን የማያሰማ ዕቃ በዚህ ሁሉ ገንዘብ ተገዝቶ፣ ጥፋተኛው ዘፈኑ ሆኖ አረፈው።

ስለ ከተማችን ጫጫታ ብዙ አልልም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ከነቃናው ይገባል፣ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይቀጥላል። ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ይህንን አይመልስም፤ ሰውም ዘፈኑን እያጮኸ ሊያሸንፈው ይሞክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ይህንን የጻፈ የማዳመጫ ሐያሲ ስንት ነው?

ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ይኖራል። የማውቀው አንድ ወጣት አቀናባሪ አለ፤ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ አድርጎ የሰው ዘፈን የሚያስተካክል። ተበድሮ፣ ሲመሰገን ያነበበውን ከባድ ማዳመጫ በሰው አስመጣ። ዛሬ በየአርባ ደቂቃው እያወለቀ አናቱን ያሻል። ጠዋት ያስተካከለውን ቤዝ ማታ ያፈርሰዋል፤ አንገቱ ሲደክመው ገፋ ያደርገዋል፣ ሲገፋው ድምፁ ይለወጣል። ብድሩን ገና እየከፈለ ነው። ለእሱ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር በመጀመሪያ መጻፍ ነበረባት፤ ከስንት ግራም፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ራስ ላይ ከሚለው ጋር።

«የሠለጠነ ጆሮ የለህም» የምትለዋ ዱላ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ሥልጠና ይጠቅማል፣ አልክድም። ይኸው ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት የሠለጠኑና ያልሠለጠኑ በድምሩ 268 አድማጮችን ድምፅ ማጉያ አስመርጧቸዋል። የሠለጠኑት ልዩነቱን አጥርተው፣ ሳይወላውሉ ለዩ። የምርጫው ቅደም ተከተል ግን በሁለቱም ወገን ያው ነበር። በድምፅ ማጉያ እንጂ በማዳመጫ የተደረገ ባይሆንም፣ እኅቴን «አልለመደም» ለማለት የሚቸኩለውን ሰው አንደበት ያዝ ሊያደርግ ይገባ ነበር።

ወዳጄ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ሳሎን የአምፕሊፋየሩ መብራት በርቶ አየሁ። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያዳምጣል። ራሱ ላይ ያለው 260 ግራሙ ነው፤ ከባዱ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወደ ሣጥኑ እያመለከትኩ ምነው አልኩት። አንዱን ጆሮውን ገለጥ አደረገና «አንገቴን ትንሽ አሞኝ ነው፤ በድምፅማ ያኛው ይበልጣል» ብሎኝ መልሶ ከደነው።