ፈረንጅ አሰልጣኝ ይምጣ ለምትሉ

ቅዳሜ ማታ እዚሁ ቀበና አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ ወሬው እንደተለመደው ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ዞረ። አንድ የድሮ ተማሪዬ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) «ቲቸር፣ ፈረንጅ ካልያዘን አናልፍም!» አለኝ። ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። በዚያ ጩኸት መሀል መልስ መስጠት ስላልቻልኩ እዚህ ልመልስ።

«መንግሥቱ ወርቁን ታውቀዋለህ?» ስለው «ጎል አግቢ ነበር አይደል?» አለ። ነበር። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ በውድድሩ ሦስት ጎል አግብቷል። ግብጽን 4ለ2 ባሸነፍንበት ፍጻሜ በጭማሪው ሰዓት አራተኛዋን ያስቆጠረው እሱ ነው። ይሄን ሁሉም ያወራል። አሰልጣኙን መንግሥቱን ግን ማን ያወራል?

በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ይዞ ሊቢያ የሄደው መንግሥቱ ነው። ከምድቡ አላለፈም፣ አልዋሽም። ጎልም አላገባንም። ናይጄሪያ 3ለ0፣ ዛምቢያ 1ለ0 አሸነፉን። ከአልጄሪያ ጋር ግን 0ለ0 ወጣን። ያቺ አልጄሪያ የትኛዋ መሰለቻችሁ? በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2ለ1 ጉድ የሠራችው!

ከዚያ ወዲያ 31 ዓመት ቁጭ ብለን ጠበቅን። በመሀል ፈረንጅ አልመጣም እንዳትሉኝ። ኢፊ ኦኑራ መጣ፣ ሄደ። ቶም ሴንትፊት መጣ፣ ሄደ። ዓመት እንኳ አልሞሉም። በመጨረሻ ለ2005ቱ ያሳለፈን ሰውነት ቢሻው ነው። ሱዳን ሜዳዋ ላይ 5ለ3 አሸንፋን፣ እዚህ 2ለ0 መልሰን ያለፍን ዕለት ከተማው እንዴት እንደነበር የእኔ እኩያ ይመስክር። ሰውነት ለዓለም ዋንጫም ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ማጣሪያ አድርሶናል። ሽልማቱ ምን ሆነ? በ2006 ተሰናበተ፣ ፖርቱጋላዊው ባሬቶ መጣ። አለፍን? አላለፍንም።

እስቲ እንቁጠር። በ1968 ውድድሩን እዚህ ካዘጋጀን ወዲህ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው ሦስት ጊዜ ነው። በ1974 መንግሥቱ፣ በ2005 ሰውነት፣ በ2014 ውበቱ አባተ። ከሦስቱ ፈረንጁ የቱ ነው?

የኛ ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው እያልኩ አይደለም። በ2005 ቡርኪና ፋሶ 4ለ0 ስትረመርመን አይቻለሁ። ፈረንጅን በፈረንጅነቱ መጥላትም አይደለም። ሕንዶችን እዩ። በሆኪ (የኛ የገና ጨዋታ ዘመድ ነው) ዋናውን ቡድናቸውን የያዘው ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ግን በረኛቸው ስሪጄሽ ከፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ ይዞ ሲመለስ 16 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ አነሱለት፣ ወዲያው ደግሞ የወጣት ቡድኑን አሰልጣኝ አደረጉት። ነገ ለዋናው እንዲደርስ ከታች ሊያበስሉት ነበር። እኛ የትኛውን የቀድሞ ተጫዋች እያበሰልን ነው? ስንት ቋሚ የወጣት ቡድን አሰልጣኝ በስም ትጠሩልኛላችሁ? ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ የምናባርረው ሰው መቼ ይማራል?

መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ያቺን የአልጄሪያ ጨዋታ እንዴት እንዳዘጋጃት ጠይቆ የጻፈለት አለ? ያለው ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ እዚያው ነኝ። ሻዩ በኔ፣ ቁጥሩ ባንተ።