ይወረስ ወይስ ይሰማ?

መንግሥት የሰውን ንብረት ባለቤቱን ሳይሰማ ሊወስድ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ከገበታ የሚቀርብ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የቺካጎው የዶሮ ሥጋ ክርክር ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. የቺካጎ ከተማ የጤና ሹማምንት ወደ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሄደው፥ በ47 በርሜል የተቀመጠው የዶሮ ሥጋ በስብሷልና ይጥፋ ብለው አዘዙ። ኩባንያው ግን አላስረክብም አለ። ከተማውም ወደ መጋዘኑ ዕቃ እንዳይገባ፥ ከመጋዘኑም እንዳይወጣ ከለከለ። ኩባንያው አስቀድሞ ሳይሰማ ንብረቱን ማጥፋት ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው፤ ሥጋውም በብርድ ስላለ ፍርድ እስኪሰጥ ሊቈይ ይችላል ሲል ከሰሰ። በ1908 ዓ.ም. የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ፤ የሕዝብን ጤና የሚጐዳ ምግብ ባለቤቱ ሳይሰማ ሊወሰድና ሊጠፋ ይችላል አለ።

እኛም ፍርዱን እንደግፋለን። የበሰበሰ ሥጋ የዳኛ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሥጋው ተሸጦ፥ በበርበሬና በቅመም ተሸፍኖ ከተበላ በኋላ መከራከር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

ነገር ግን ፍርዱ ሁለት ክፍል እንዳለው ማስተዋል ይገባል። ፍርድ ቤቱ የሹሙ ቃል የመጨረሻ ነው አላለም። ባለንብረቱ በኋላ ከስሶ ሥጋው ደኅና እንደ ነበረ ቢያስረዳ፥ ያጠፋው ሰው ኀላፊ ይሆናል ብሏል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይዞ ሁለተኛውን የሚረሳ ሹም ጤና ጠባቂ ሳይሆን ቀማኛ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ከተቃጠለ በኋላ ነጋዴው ደኅንነቱን በምን ያስረዳል? ትልቅ ኩባንያ ጠበቃ አለው፤ ጥቂት ዶሮ የሚሸጥ ምስኪን ግን ማን አለው? ስለዚህ ሹሙ ሲወርስ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ የወሰደውን ቈጥሮ ደረሰኝ ይቍረጥ፤ ከማጥፋቱ በፊትም ለምርመራ የሚሆን ናሙና ያስቀር። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ የማንንም ጤና አይጐዳም።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከመካከላችን ነገ ሹም የሚሆኑ፥ ዳኛ የሚሆኑ፥ ነጋዴም የሚሆኑ አሉ። በላተኞች ግን ሁላችንም ነን። የሚፈጥን እጅ እንሻለን፤ ለፈጠነበትም ነገር በፍርድ ፊት መልስ የሚሰጥ እጅ ይሁን።