አታድሱት

አሮጌ የአብራሪ ሰዓት ለገበያ ሲቀርብ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድማት ቃል አለች፤ «ታድሷል» ይላል። ፊቱ እንደገና ተቀብቷል፣ ቆጣሪዎቹ በአዲስ አብሪ ቀለም ተሞልተዋል፣ ብረቱ ተፈትጎ እንደ መስታወት ያበራል። ገዢውም ምርቃት እንዳገኘ ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ያቺን ቃል ስሰማ አዝናለሁ። የቆየ ብራና ቆሸሸብኝ ብሎ በሳሙና የሚያጥብ ደብተራ የለም፤ ቢያጥበው ንጹሕ ቆዳ ይቀረዋል እንጂ መጽሐፍ አይቀረውም። በጦር አውሮፕላን ላይ ያገለገለ ሰዓትም እንደዚያው ነው። ዋጋ የሚያወጣው በላዩ የተጻፈው ነው፤ እድሳት ደግሞ ጽሑፉን ይፍቃል። ስለዚህ ሰብሳቢ ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያው ሙያ እጅን መሰብሰብ ነው ብዬ እከራከራለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል ማለት ነው። በባሕር ላይ ወይም ከደመና በላይ የሚበር ናቪጌተር (መንገድ መሪ) የኮከቡን ከፍታ በሴክስታንት ይለካና ያለበትን ኬንትሮስ የሚያገኘው የግሪኒችን ሰዓት ከእጁ ላይ አንብቦ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ሰዓቱ 4 ሴኮንድ ብቻ ቢሳሳት ሰውየው ራሱን አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር፣ አርቆ ያስቀምጣል። ግማሽ ደቂቃ ቢሳሳት ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነዳጁ እያለቀ፣ ከታች ውኃ ብቻ እየታየው ለሚበር ሰው ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ችግሩ ደግሞ በዚያ ዘመን የእጅ ሰዓትን በሴኮንድ ደረጃ ማስተካከል ቀላል አለመሆኑ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፊሊፕ ቫን ሆርን ዊምስ መፍትሔ አገኘለት፤ ቆጣሪውን ማቆም ካልተቻለ ፊቱን ማዞር ይቻላል። የሴኮንዱ ክብ ለብቻው እንዲዞር አደረገና ናቪጌተሩ የሬዲዮ ምልክቱን ሲሰማ ክቡን ከቆጣሪው ጋር ያገጥመው ጀመር። በ1927 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ብቻውን የበረው ቻርልስ ሊንድበርግ ከዚያ በረራ በኋላ ከዊምስ ዘንድ ተማረ፤ የመምህሩን ሐሳብ ወደ ፊት ገፍቶም ሎንጂን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራውን፣ ሰዓትን ወደ ዲግሪ የሚለውጠውን ሰዓት ነደፈ። ፊቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ጭረት ሥራ ነበረው፤ ለውበት ተብሎ የተጨመረ አልነበረበትም።

የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ በ1940 ለጀርመን አየር ኃይል የተሠራው «ቤ-ኡር» ነው፤ ስሙ የታዛቢ ሰዓት እንደማለት ነው። ወርዱ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙዎቻችን በእጃችን ከምናስረው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ምክንያቱም ውስጡ የኪስ ሰዓት ማሽን ነበረበት። መሙያው ጓንት ያጠለቀ ጣት እንዲይዘው ተብሎ እንደ ሽንኩርት አብጧል። ማሰሪያው ከቆዳ ጃኬት በላይ እንዲታሰር ረዝሟል። መሙያው ሲሳብ የሴኮንድ ቆጣሪው ይቆማል፤ ዊምስ በዞረ መንገድ የፈታው ጉዳይ እዚህ በቀጥታ ተፈታ። በመጀመሪያው ፊት ከ12 ቁጥር ቦታ ላይ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ነጥቦች ተቀመጡ፤ በጨለማ እንኳ የትኛው ወገን የላይኛው እንደሆነ አይጠፋም። በ1941 የመጣው ሁለተኛው ፊት ደግሞ ደቂቃውን ወደ ዳር አውጥቶ ሰዓቱን በመሐል ትንሽ ክብ ውስጥ አስገባው። ለናቪጌተር የሚያስቸግረው ደቂቃውና ሴኮንዱ ነው፤ ሰዓቱን ያውቀዋል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት ስናይ ደቂቃውን እንዳለ አንብበን ሰዓቱን ግን በልባችን ወደ አገራችን እንመልሰዋለንና፣ ሁለቱን ነጥሎ ማንበብ ከልጅነታችን የለመድነው ነው።

ቤ-ኡርን የሠሩት አምስት ቤቶች ናቸው፤ በግላስሁተ ላንገ፣ በሐምቡርግ ቬምፔ፣ በፎርጽሃይም ላኮና ስቶቫ፣ በስዊዘርላንድ ሻፍሃውዘን ደግሞ አይደብሊውሲ። የመጨረሻው በ1940 ያቀረበው 1,000 ብቻ ነበር። በጎኑ ላይ «ኤፍኤል 23883» የሚል ምልክት ተቀርጿል፤ 23 ቁጥሩ የናቪጌሽን ዕቃ መሆኑን ያመለክታል። የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ያየ ደግሞ የዓይነቱን፣ የማሽኑን፣ የትእዛዙንና የሠሪውን መዝገብ በተቀረጸ ጽሑፍ ያገኛል። የባለቤት ስም አያገኝም። ናቪጌተሩ ለተልእኮ ሲወጣ ይቀበለዋል፣ ሲመለስ ያስረክባል፤ ካልተመለሰ ሰዓቱም አይመለስም። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ የማንም ያልነበረ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰብሳቢዎች በዚህች ቦታ ፈጥነው ያልፋሉና። ይህ ሰዓት የናዚ ጀርመን ቦምብ ጣዮች መንገድ ያገኙበት መሣሪያ ነው። ይህንን እያወቁ ማሰር የሚከብደው ሰው አለ፤ እረዳዋለሁ። የማልረዳው ግን የጎኑን ምልክት አስፍቆ ሰዓቱን ንጹሕ የዲዛይን ዕቃ አድርጎ የሚያቀርበውን ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ወንጀሉ አይጠፋም፤ ምስክሩ ነው የሚጠፋው። የሠሪዎቹ ከተሞች ዕጣም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። የካቲት 23 ቀን 1945 ምሽት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፎርጽሃይምን አጋዩት፤ ከ17,000 በላይ ሰው አለቀ፣ የሰዓት ሠሪዎቹም ከተማ አመድ ሆነች። ግንቦት 8፣ ጦርነቱ በሚያበቃበት ዕለት፣ የላንገ ዋና ሕንፃ በሶቪየት የአየር ድብደባ ፈረሰ።

ሻፍሃውዘን ግን ገለልተኛ አገር ውስጥ ነበረች። ሚያዝያ 1 ቀን 1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ጀርመን ላይ የደረሱ መስሏቸው ደበደቧት፤ 40 ሰው ሞተ። ከተማዋ ከራይን ወንዝ በስተሰሜን መሆኗ ስሕተቱን አባብሶታል። አንድ ቦምብ የአይደብሊውሲን ፋብሪካ ጣራ በስቶ ገባ፣ አልፈነዳም። ለናቪጌተሮች ሰዓት የሚሠራ ቤት በናቪጌሽን ስሕተት ለጥቂት ተረፈ። ስለ እነዚህ ሰዓቶች ስጽፍ ሁልጊዜ የምመለስባት ዕለት ይህቺ ናት።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ፋብሪካ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ማርክ 11 የተባለውን ሰዓት መሥራት ጀመረ። ከቤ-ኡር አጠገብ ሲያስቀምጡት ትንሽ ነው፤ 36 ሚሊ ሜትር። ማሽኑ «89» የሚባለው ነው፤ በዙሪያው ማግኔት እንዳይነካው የለስላሳ ብረት ሽፋን አለው፤ ራዳርና ሬዲዮ በሞላበት ክፍል ውስጥ ሽፋኑ ግድ ነበር። ሌላው ሰዓት ሠሪ ዤገ-ለኩልትርም የዚሁን ሰዓት የራሱን ዓይነት አቅርቧል። በጀርባው ላይ የመንግሥት ንብረት ምልክት የሆነው ሰፊ ቀስት፣ «6ቢ/346» የሚለው የመጋዘን ቁጥርና ዓመቱ ተቀርጸዋል፤ ከ«6ቢ» በፊት «ጂ» ካለበት የአውስትራሊያ አየር ኃይል ነው። አንዲት ፊደል ሰዓቱን ከአንድ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው ትወስደዋለች።

ክርክሬን በጣም የሚፈትነው ይኸው ማርክ 11 ነው። መጀመሪያ ፊቱ የተቀባው ራዲየም ባለበት አብሪ ቀለም ነበር። በ1960ዎቹ አየር ኃይሉ ራሱ ፊቶቹን ወደ ትሪቲየም ቀለም ለወጠና በክብ ውስጥ «ቲ» የምትል ፊደል አተመባቸው። ታዲያ አታድሱ የምትለው ለማን ነው፣ ባለቤቱ መንግሥት አድሶት የለም ወይ ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው፤ ያ ለውጥ የአገልግሎቱ አንድ ምዕራፍ ነው። ክቧ «ቲ» ሰዓቱ በዚያ ዘመን ገና ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ከመጋዘን ወጥቶ እንደተጠገነ ትመሰክራለች። ዛሬ «ቲ»ውን አስነስቶ የ1949 ፊት የሚያስቀባ ሰው ግን ያልነበረ ታሪክ ይጽፋል። የፈረንሳይ ጦር «ቲፕ 20» ሰዓቶችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። በጀርባቸው «ኤፍጂ» ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ የተቀረጹ ቀኖች አሉ፤ የጥገናው ዋስትና የሚያበቃበት ቀን ነው። አንዳንዱ ጀርባ ቀን በቀን ላይ ተጨምሮበት እንደ ክትባት ካርድ ሆኗል። ያንን ጀርባ ማስወልወል ለእኔ ጥፋት ነው።

ማሽኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይቱ የደረቀ ማሽን ራሱን ይበላል፤ አዋቂ ሰዓት ሠሪ ፈትቶ ያጥበው፣ ይቀባው፣ የተሰበረ ሞላ ይተካ። እንዲያ ማድረግ ሰዓቱ ሲሠራ ጀምሮ የታሰበ ነገር ነው፤ የጦር ሰዓት ሠሪዎችም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የተነሣውን አሮጌ ዕቃ ግን አትጣሉ፤ በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት።

ራዲየሙን በተመለከተ መፍራት ተገቢ ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የሰዓት ፊት የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ መርዙን ዋጡት፤ አጥንታቸው ረገፈ፣ ብዙዎቹ ሞቱ። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ቀለሙ ዛሬ በጨለማ የማያበራው ራዲየሙ አልቆ እንዳይመስላችሁ፤ አብሮት የተደባለቀው አብሪ ዱቄት ተቃጥሎ ነው እንጂ መርዙ እንዳለ ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለውን ሰዓት መስታወት በቤት ውስጥ መክፈት፣ ቀለሙን መፋቅ፣ ዱቄቱን መተንፈስ አደጋ ነው። ደኅንነትም የሚለው ከኔ ጋር አንድ ነው፤ ተዉት፣ አትንኩት።

በገበያው ላይ የሚያስቸግሩት ከሦስት ሰዓት አንድ ሰዓት የሚገጣጥሙት ናቸው። የአንዱ ፊት፣ የሌላው ማሽን፣ የሦስተኛው ክዳን ይገናኙና «ብርቅዬ» ይባላሉ። እነሱንም የሚያጋልጣቸው ያልተነካ ሰዓት ብቻ ነው። በክዳኑ ውስጥ የተመዘገበው ማሽን በእርግጥ ውስጡ ያለው ነው ወይ? በቆጣሪዎቹና በፊቱ ላይ ያለው ቀለም እኩል አርጅቷል ወይ? አንዱ ማር መስሎ ሌላው እንደ ወተት ከነጣ አንድ ሰው ገብቶበታል። ሁሉም በታደሰበት ገበያ ግን የሚወዳደርበት ነገር አይኖርም፤ እድሳት ለሐሰተኛው መሸሸጊያ ይሆነዋል።

ሰዓት በባለቤቱ ስም ሊከብር እንደሚችል እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2015 በጄኔቫ ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ክርክር ስለተነሣበት ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 በሚሊዮኖች ዶላር ተሸጠ። የንጉሥ ሰዓት ቢወለወልም የንጉሥ ሰዓት ነው፤ ስሙ በመዝገብ ላይ አለ። የናቪጌተሩ ሰዓት ግን ከራሱ በቀር ምስክር የለውም። ስም የለበትም፤ ያለው ቁጥሩ፣ ጭረቱና ቀለሙ ብቻ ነው።

በራዲየም የተሞሉ ቆጣሪዎች አንድ ነገር ያደርጋሉ። ሰዓቱ ቆሞ ለብዙ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ቆጣሪዎቹ ባሉበት ቦታ ፊቱን ቀስ ብለው ያቃጥሉታል። ሰዓቱ ተሞልቶ ቆጣሪዎቹ ሲነሡ ከሥራቸው ቡናማ ጥላ ይታያል፤ የቆመባት ሰዓትና ደቂቃ በፊቱ ላይ ታትማ ቀርታለች። ማን እንዳስቀመጠው፣ ለምን ተመልሶ እንዳልሞላው ጥላዋ አትናገርም፤ ደቂቃዋን ብቻ ይዛለች። አዳሹ መጀመሪያ የሚቀባው እሷን ነው።