ስልካችሁ ያነሳው ፎቶ የማን ነው?

በቴሌግራም ልብስ የሚሸጡ ልጆች ደጋግመው የሚጽፉልን ቅሬታ አለ። ሞዴል ለምነው፣ ግማሽ ቀን ፈጅተው ያነሱት የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ በማግስቱ ሌላ ቻናል ላይ ይገኛል። ሎጎው ተቆርጧል፣ ስልክ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ዋጋውም ቀንሷል። ደንበኛ ቀብድ ይልካል፣ ቀሚሱ አይመጣም። ስድቡ ግን ፎቶውን መጀመሪያ ለለጠፈችው ልጅ ይደርሳታል።

"ሎጎ ላድርግበት?" ትሉናላችሁ። አድርጉ፣ ግን ብዙ አትመኩበት። ጥግ ላይ ያለችው በክሮፕ ሁለት ሰከንድ አትፈጅም፤ መሃል ላይ ያለውንም ስልኮች ላይ ያለው ማጥፊያ ይጠርገዋል። አካውንት መቆለፍም ያው ነው፣ ማየት የቻለ ሰው ስክሪንሾት ያደርጋል። ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ፎቶው አንድ ቀን መወሰዱ አይቀርም ብላችሁ "ያን ቀን የኔ መሆኑን በምን አሳያለሁ?" የሚለውን ካሁኑ አስቡበት።

ሕጉ ጋ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 6 ላይ ለፎቶ ብቻ የተለየ ቅድመ ሁኔታ አለው። ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ይዞ ለኤግዚቢሽን የቀረበ መሆን አለበት። አዋጁ ሲወጣ ኢንስታግራም የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ ለብቻዋ ፖስት የተደረገች አንዲት ፎቶ የት ትገባለች? ቃሉን እንዳለ ካነበብነው የትም። ዘፈንና ድርሰት ያልተጠየቁትን ፎቶ አንሺው ብቻ መጠየቁ ለኛ ፍትሐዊ አይመስለንም፣ መሻሻል አለበት።

የሚገርመው ደግሞ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ካነሳው ሰው የተሻለ ከለላ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ መለጠፍን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን ወይም አደባባይ ላይ የተደረገ ዝግጅት ከሆነ የተለየ ነው። ካልሆነ ግን ይቁምልኝ ማለትም፣ ካሳ መጠየቅም ይቻላል። ስለዚህ በቀሚሱ ታሪክ ውስጥ ጠንካራ አቤቱታ ያላት ሞዴሏ ናት! ሻጮች፣ ከሞዴላችሁ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ፎቶው ሲሰረቅ አብራችሁ ቁሙ።

"ፖስት ካደረግሽው የሕዝብ ነው" የሚሏችሁን አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥን ያነሳው ዳንኤል ሞረል ፎቶዎቹን በትዊተር ለቀቀ። ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ለጠፋቸው፣ የፈረንሳይ ዜና ወኪል ከዚያ ወስዶ አሰራጨ፣ ጌቲም ሸጠ። ወኪሉ "ትዊተር ላይ ስለወጣ መጠቀም እንችላለን" ብሎ ተከራከረ፤ የኒውዮርኩ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። በ2013 ለሞረል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ፌስቡክና ኢንስታግራምም ቢሆኑ የሚወስዱት የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ ባለቤትነቱ እናንተው ጋ ይቀራል።

እና ምን ይደረግ? ዋናውን ፋይል አታጥፉ። ፌስቡክ ላይ ስትጭኑት ፎቶው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንና የስልኩ መረጃም ይራገፋል። ሌባው እጅ ያለው ያ የተጨመቀው ነው፤ ትልቁ ፋይል፣ ከሱ በፊትና በኋላ ካነሳችኋቸው ጋር፣ እናንተ ጋ ብቻ ይኖራል። በቴሌግራም ለራሳችሁ ስታስቀምጡም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ሻጮች ደግሞ የዓመቱን ፎቶ ስምና አድራሻችሁ ባለበት ካታሎግ ብታሳትሙት ከአንዲት ፖስት ይልቅ ለአዋጁ ቃል ይቀርባል።

ፎቷችሁን ሌላ ቦታ ካገኛችሁት (ጉግል ሌንስ ላይ ፈልጉት) ኢንቦክስ ገብታችሁ ከመሳደባችሁ በፊት ሊንኩንና ቀኑን የሚያሳይ ስክሪንሾት ያዙ። ከተሳደባችሁ ያጠፋዋል፣ ማስረጃችሁም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ተራውን ሪፖርት ትታችሁ የኮፒራይት ቅጹን ሙሉ፤ ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ስላለባቸው ይሄኛውን በቁም ነገር ያዩታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፌስቡክ ላይ ቅጹን ስትሞሉ ስማችሁና ኢሜይላችሁ ለተከሰሰው ሰው ሊሰጥ ይችላል። በተለይ ሴቶች የግል ኢሜይላችሁን አታስገቡ፣ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ክፈቱ።