ውሉን መዘገብን፤ ቤቱን ማን አየው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ አከራይ አኮረፈ፣ ተከራይ ተነፈሰ፣ ደላላ አዲስ ዘዴ ፍለጋ ገባ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚወስነው ልክ ይሁን ተባለ። ጥሩ ነው። ይህን የሚያጣጥል ሰው በየስድስት ወሩ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር ያልተንከራተተ ብቻ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወረዳው ውል ተቀበለ፣ ማኅተም መታ። ውሉ ላይ የተጻፈውን ክፍል ገብቶ ያየው ማን ነው?

የማወራው ስለ ኮንዶሚኒየም አይደለም፤ ስለ ጋራ ግቢ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ሰባት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ። አዲስ ተመራቂው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው የሚኖሩት እዚያ ነው። እኔም ከምርቃት በኋላ ዓመታት ኖሬበታለሁ። አከራዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፍሉ ለምን መስኮት እንደሌለው ግን የጠየቃቸው አካል አልነበረም።

ቆጣሪውን እንይ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ የተሠራው ትንሽ የሚጠቀም ትንሽ እንዲከፍል ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛው እርከን ላይ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አሁን ሰባት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ላይ ደርቡ። እያንዳንዳቸው 50 ብቻ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 350 ይላል። አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ተከራይ ባለ ቪላው በሚከፍልበት እርከን ይከፍላል ማለት ነው። ለድሃ ታስቦ የወጣው ዋጋ ግቢው በር ላይ ቀረ። አከራዩ ቢሉን ሳያሳይ «የአንተ ድርሻ ይህን ያህል ነው» ሲልስ ማን ይከራከረዋል?

ቆጣሪው ስለማይችል ደግሞ ሌላ ሕግ ይወጣል፦ ምጣድ ክልክል፣ ስቶቭ ክልክል። ምግብ በምን ይብሰል? በከሰል። የት? ዝናብ ሲሆን መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ። የከሰል ጭስ ተኝተው ያደሩ ሰዎችን እንደሚገድል እናውቃለን፤ በየክረምቱ እንሰማለን፣ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ እናልፋለን። ስለ ክፍሉ ግን አንጠይቅም።

ይህ መላ ያልተገኘለት ችግር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ አባላት ያልሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ኩሽና ወይም ሽንት ቤት ተጋርተው የሚኖሩበትን ቤት ለማከራየት ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቤቶች ሕግ ሲሆን፣ ከ2018 ወዲህ የፎቁ ብዛት አይታይም። አንድ አዋቂ የሚተኛበት ክፍል ከ6.51 ካሬ ሜትር፣ የሁለት ሰው ከ10.22 ማነስ የለበትም። ያለ ፈቃድ ያከራየ ይቀጣል፤ ተከራዩም የከፈለው ኪራይ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እዚያም ሕግ የሚሸሽ አከራይ ሞልቷል። ልዩነቱ፣ ተከራዩ «ይህ ክፍል ለሰው አይሆንም» ሲል የሚጠቅሰው ቁጥር አለው።

«የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለአገልግሎት በሚሆን ሁኔታ እንዲያስረክብ ያዛል፤ ተከራዩ ይክሰስ» የሚሉኝ አሉ። በወር ደመወዙ ኪራይና ታክሲ የሚሸፍን ልጅ ለአንድ መስኮት ጠበቃ ይቁም? ቀልዱን እንተወው።

«ኪራይ ይንራል» ለሚሉም፦ 6.51 ካሬ ሜትር ነገ እዚህ ይተግበር አላልኩም። አራት ነገር ይበቃል። የሚከፈት መስኮት፣ ለነዋሪው ቁጥር የሚመጥን ሽንት ቤት፣ የማያቃጥል የኤሌክትሪክ መስመር፣ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ። ለማስተካከያ በቂ ጊዜ ይሰጥ። የጭማሪው ልክ ደግሞ ቀድሞውኑ በአዋጁ ታስሯል።

ከሁሉ የሚከብደው «አዲስ የጉቦ በር ትከፍታለህ» የሚለው ነው። እውነት አለው። ለዚህ ነው ዝርዝሩ አጭርና ተከራዩ ራሱ በዓይኑ የሚያረጋግጠው መሆን ያለበት። ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት። መስኮት አለ ወይም የለም፤ ይህን የሚተረጉም ባለሙያ አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ከእነዚህ ክፍሎች ብዙዎቹ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣን አከራይ በዚያው ወረቀት ይዘን ግሬደር ከላክንበት ማንም ተመልሶ አይመጣም፤ ሜዳ ላይ የሚወድቀውም ተከራዩ ነው። ዓላማው ቤት ማስተካከል እንጂ ቤት ማፍረስ እንዳይደለ በግልጽ ይጻፍ።

አዋጁ ተከራዩን ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዳይባረር ከለላ ሰጥቶታል። ትናንት ስለ ሽንት ቤት ያጉረመረመ ተከራይ በማግስቱ «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ልቀቅ» ይባል ነበር። ዛሬ አፍ አለው። የሚናገርበት ሕግ ስጡት። ወረዳው የእያንዳንዱ ግቢ ውል በእጁ ነው፤ የቀረው ተነስቶ ሄዶ በሩን ማንኳኳት ነው።