የተመራማሪን ሥራ በቁጥር የመመዘን ጥቅምና ገደብ

የአንድ ተመራማሪ ሥራ ያለውን ፋይዳ ለመለካት በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች ዋነኞቹ ያሳተማቸው ጥናታዊ ጽሑፎች ብዛትና ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበት መጠን ናቸው። በእነዚህ አሀዞች መነሻነት የአካዳሚክ ማዕረግ ይሰጣል፤ የምርምር በጀት ይደለደላል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ደረጃ ይወጣላቸዋል። በመሆኑም አሀዞቹ የሚያሳዩትንና የማያሳዩትን ለይቶ ማወቅ በየደረጃው ለሚገኙ ኃላፊዎችና ፈጻሚዎች አስፈላጊ ነው።

የጥቅስ ቆጠራ በተደራጀ መልኩ የተጀመረው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የመሠረቱት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን ማሳተም ሲጀምር ነው። የማውጫው ቀዳሚ ዓላማ ተመራማሪዎች ከሥራቸው ጋር የሚዛመዱ ጽሑፎችን በቀላሉ እንዲያገኙ ማገዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ጽሑፎችን ለመፈለግ የተዘጋጀው መሣሪያ ሰዎችን ለመመዘን ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ምሁሩ ሆርሄ ሂርሽ "ኤች-ኢንዴክስ" የተባለውን ስሌት አቀረቡ። በስሌቱ መሠረት አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል።

ስሌቱ ቀላልና ግልጽ በመሆኑ በፍጥነት ተቀባይነት አግኝቷል። ይሁንና ሂርሽ ራሳቸው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አሀዙ ከአንዱ የሳይንስ መስክ ወደ ሌላው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በወቅቱ ከፊዚክስ ምሁራን ከፍተኛውን አሀዝ የያዙት ኤድዋርድ ዊተን 110 ሲያስመዘግቡ፣ ከሥነ ሕይወት ዘርፍ ቀዳሚ የነበሩት ሰሎሞን ስናይደር 191 አስመዝግበዋል። ይህም የመስኮቹን የአሠራር ልዩነት እንጂ የሁለቱን ምሁራን ብልጫ የሚያመለክት አይደለም።

ለልዩነቱ በርካታ ምክንያቶች አሉ። በሕክምናና በሥነ ሕይወት ዘርፍ የተመራማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ ጽሑፎችም በአጭር ጊዜ ውስጥ በስፋት ይጠቀሳሉ። በሒሳብ ግን የማጣቀሻ ዝርዝሩ አጭር፣ የሚጠቀስበትም ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። የታሪክና የቋንቋ ተመራማሪዎች በአብዛኛው መጻሕፍትን፣ አንዳንዴም በአገራቸው ቋንቋ የሚያዘጋጁ በመሆኑ ሥራቸው በዓለም አቀፍ ማውጫዎች ውስጥ ላይገባ ይችላል። የጸሐፊዎች ብዛትም ሌላው ምክንያት ነው። የሒሳብ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሂግስ ቅንጣት የታተመ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ከ5 ሺህ በላይ ጸሐፊዎች ነበሩት።

ብዙ መጠቀስም ሁልጊዜ የግኝት ታላቅነት ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመውና የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ የሚያስረዳው የኦሊቨር ላውሪና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በአንጻሩ የዲኤንኤን ቅርጽ ይፋ ያደረገው የ1953 ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የ100 ከፍተኛ ተጠቃሽ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፒተር ሂግስም ከታዋቂው የ1964 ሥራቸው በኋላ ያሳተሟቸው ጽሑፎች ከ10 ያነሱ ነበሩ።

በቁጥር ላይ ብቻ መመሥረት ለብልሹ አሠራርም በር ይከፍታል። ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ በ2023 ባወጣው የከፍተኛ ተጠቃሽ ተመራማሪዎች ዝርዝር የሒሳብ ዘርፍን ያላካተተው በዘርፉ አነስተኛ የጥቅስ መጠን ምክንያት ደረጃን ሆን ብሎ ማዛባት ቀላል ሆኖ በመገኘቱ ነው። ቻይናም በ2020 ባወጣችው መመሪያ ጽሑፍ ላሳተሙ ተመራማሪዎች ይሰጥ የነበረው የገንዘብ ሽልማት እንዲቆም አድርጋለች።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ ተክሉ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳይተዋል። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋርም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእንዶድ ምርምር ዋጋ የሚለካው በወንዝ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ጤና በሚያስገኘው ጥቅም ጭምር ነው። በጥቅስ ብዛት ብቻ የሚመዘን ተመራማሪ ግን የአካባቢውን ችግር ትቶ በሌላው ዓለም በብዛት ወደሚጠቀስ ርዕስ ሊያዘነብል ይችላል።

ይህ ሲባል አሀዞች ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። በአግባቡ ከተያዙ አድልዎንና የግል ትውውቅን ለመከላከል ያግዛሉ። በ2012 የተነደፈው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫና በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም የሚያሳስቡት አሀዝ የባለሙያን ግምገማ እንዲያግዝ እንጂ እንዳይተካ ነው። ስለሆነም ዕድገትና በጀት የሚወስኑ አካላት ተመራማሪውን በራሱ መስክና በተመሳሳይ የአገልግሎት ዘመን ካሉት ጋር ሊያነጻጽሩት፣ ራሱን የጠቀሰበትን ለይተው ሊያዩ፣ ከሁሉም በላይ ዋና ዋና ሥራዎቹን በዘርፉ ባለሙያዎች ሊያስመረምሩ ይገባል። አሀዙ የግምገማው መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም።