የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አርባ ስምንቱ መታጠፊያዎች

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ መሪ ተከትለው በሞተርሳይክል የአልፕስን ተራሮች ስለሚያቋርጡ ሰዎች ነው። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ስለ አንድ መንገድ ላንሳ፤ ጣሊያን ውስጥ ስላለው ስቴልቪዮ።

ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,757 ሜትር ይወጣል። በፕራቶ መንደር በኩል ያለው አቀበት ብቻ 48 መታጠፊያ አለው፤ እያንዳንዱም ቁጥሩ ተጽፎበታል። መሐንዲሱ ካርሎ ዶኔጋኒ ለኦስትሪያ መንግሥት ቀይሶት እ.ኤ.አ. በ1825 ተከፈተ፤ የሠረገላ ዘመን ነበር።

ባለሞተሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከፊት ጎማው ላይ ማንሳት አለበት። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ፣ መውጫውን ያየ ወደ መውጫው። ማርሹን ቀድሞ ይቀንሳል፤ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ይዞ፣ ነዳጅ ሳያቋርጥ ይዞራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን አብሮ የመጓዙ ሥርዓት ነው። ብዙ መሪዎች መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ያለውን ሰው እዚያው ያቆሙታል። እሱም አቅጣጫውን እያሳየ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ይጠብቃል። የሚቀጥለው መገንጠያ የሌላው ተራ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀስ ብሎ የሚነዳው አይሳቀቅም፤ ጠፋሁ ብሎም አይጣደፍም። በተራራ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሲጣደፍ ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ስቴልቪዮ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል። መከፈቱን ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ።